«ወላሂ ተወግቻለሁ»

ጡረታ ከወጣሁ ዓመት አልሞላኝም። ያየኝ ሁሉ «እፎይ አልሽ በይ፣ አሁን እንደ ልብሽ ተኚ» ይለኛል። የምን እንቅልፍ! ስልክ በጠራ ቁጥር ልቤ ዛሬም ድው ይላል። ሮቤ አብራኝ የምትኖረው ልጄ ድምፁን አጥፍታ መሳቢያ ውስጥ ብትከተውም ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል። የማን ስኳር ወረደ፣ የማን ግፊት ወጣ፣ ማን መንገድ ላይ ወደቀ እያልኩ ሮጬ ሳነሳው፣ እህቴ ከጎባ ደውላ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ልታወራኝ ነው።

ፈሪ ነኝ፤ ስናገረውም አላፍርም። ሥራዬ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ልብና አስም ነበር። ቢሮ ውስጥ «ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች» ይሏቸዋል። ስሙን ስትሰሙት ገራገር ይመስላል አይደል? እኔ ግን ከወባም ከተቅማጥም ይበልጥ እነሱን ነው የምፈራው። ወባ ያንቀጠቅጣል፣ ያስጮኻል፣ ጎረቤት ተሸክሞ ያመጣዋል። እነዚህ ቤት ገብተው ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ሰውዬው ይበላል፣ ይስቃል፣ ልጁን ይድራል፤ እነሱ ውስጥ ውስጡን ዓይኑንና ኩላሊቱን እየጨረሱለት ነው።

የስንብቴ ዕለት በእኔ ቦታ የተተካችው ወጣት ነርስ ቢፍቱ ወደ ጥግ ወሰደችኝና «ሲስተር፣ ከሁሉ በላይ ልፈራው የሚገባኝ ምንድን ነው?» አለችኝ። ሰው ከቦኝ፣ ኬክ በእጄ ይዤ ስለነበር «የመድኃኒት ማለቅ ነዋ!» ብያት አለፍኩ። መልሱ እሱ አልነበረም። መልሱን ቆሞ መናገር አይቻልም፤ ስለዚህ ተቀምጬ እጽፈዋለሁ።

የተወለድኩት ጎባ ነው። አባቴ የመንግሥት ጸሐፊ ነበር፤ ብርድና ጉም ለምጄ ነው ያደግኩት። ተመርቄ መጀመሪያ የተመደብኩት ግን ቆላ፣ በሶፍ ዑመር አቅጣጫ ያለች ትንሽ ጤና ጣቢያ ነበር። ሙቀቱ! የቆርቆሮው ጣሪያ እኩለ ቀን ላይ ይንጣጣል። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለላስቲክ ጫማ ይበቃ ነበር፤ ከዚያ በላይ ስለ እሱ የምለው የለኝም። ያስተማረኝን ሰው ያገኘሁት እዚያ ነው።

ጋሽ ከማል ይባላሉ፤ የጤና ጣቢያው ዋና ነርስ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ሳያቸው ሰላምታ የሚያበዙ ሽማግሌ መሰሉኝ። በሽተኛ ሲመጣ ተነስተው እጁን ይይዛሉ፣ ፊታቸውን ወደ ፊቱ ያስጠጋሉ፤ «ፈያ? ናጋ? ቤተሰብ ናጋ? ከብቱ ናጋ?» እያሉ በኦሮምኛ ጤናውንና ሰላሙን ሲጠይቁ ይቆያሉ። ወረፋው በር ላይ ተሰልፎ እኔ እቃጠላለሁ። አንድ ቀን «ጋሼ፣ ሰላምታው ትንሽ አይጠርም?» አልኳቸው።

«ሰላምታ መሰለሽ?» አሉኝ። «እያሸተትኩ እኮ ነው።»

ስኳሩ ከቁጥጥር የወጣ ሰው ትንፋሹ ይለወጣል። ከመጠን በላይ የበሰለ፣ ሊበላሽ የደረሰ ሙዝ ዓይነት ጣፋጭ ሽታ አለው። ጋሽ ከማል ማሽኑ ባትሪ ሲጨርስ፣ የመመርመሪያ ወረቀቱ ሲያልቅ በአፍንጫቸው ነበር የሚሠሩት። እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ የሰው ትንፋሽ ሳላሸት ሰላም ብዬ አላውቅም። በሠርግ ላይ እንኳ አሸታለሁ፤ ልጄ ታፍርብኛለች።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። የስኳር በሽተኛ ከሆነ ተንበርክከው ጫማውን ራሳቸው ያወልቃሉ። ገበሬው «አስተግፊሩላህ! ሽማግሌ ሰው እግሬን!» እያለ ይሸሻል፤ እሳቸው ቁርጭምጭሚቱን ይዘው በጣቶቹ መሃል ጣታቸውን ያስገባሉ። ግፊት ሊለኩ ሲሉ ደግሞ በሽተኛውን አስቀምጠው ዝም ያሰኙታል፤ ዳገት ወጥቶ የመጣ ልብ መጀመሪያ ይረፍ ይላሉ። እኔን ደግሞ ስደነግጥ ባዩኝ ቁጥር «ፍሪ፣ ግን አትደንግጪ» ይሉኝ ነበር። ልዩነቱ ምን እንደሆነ ለማወቅ ዓመታት ፈጅቶብኛል።

ከሁሉ የሚኮሩበት ግን ማሰሯቸው ነበር። ኢንሱሊን ሙቀት ያበላሸዋል። ቆላ ላይ ማቀዝቀዣ ያለው ማን ነው? ጋሽ ከማል እያንዳንዱን በሽተኛ ትልቅና ትንሽ ማሰሮ አስገዝተው አንዱን በአንዱ ውስጥ አስቀምጠው በመሃሉ አሸዋ ይሞሉና ውኃ ያርከፈክፉበታል። ብልቃጡ ትንሹ ማሰሮ ውስጥ ይገባል። «ቀዝቃዛ ቦታ፣ ከቤት ውጪ፣ ነፋስ የሚያገኘው ጥላ ሥር» ይላሉ፤ በሽተኛው በቃሉ እስኪደግመው ድረስ አይለቁትም። ያ ማሰሮ ስንት ሰው አተረፈ! ቤት ለቤት እየዞሩም ያዩታል፤ አሸዋው ደርቆ ካገኙት ቁጣቸው አይጣል ነው።

ከቆላ ወደ ሮቤ፣ ከሮቤ ወደ ሲናና ገጠር ተዛወርኩ። እዚያ አንድ አለቃ ነበረኝ፤ ሪፖርት በሰዓቱ ከደረሰው በሽተኛው ቢደርስም ባይደርስም ግድ የማይሰጠው። ስንዴው ሲደርስ ኮምባይነሩ ይመጣል፣ የክትትል ክፍላችን ባዶ ይሆናል። ገበሬው «አዝመራው ይግባና እመጣለሁ» ይላል፤ የደም ግፊት ክኒኑ ቀድሞ ያልቃል። አንድ የሒሳብ መምህር ነበሩ፣ ደረታቸው ሰፊ፣ ሳቂታ። ግፊታቸውን ለክቼ ክኒን ዛሬውኑ ይጀምሩ አልኳቸው። «ምንም አይሰማኝም እኮ ሲስተር» አሉኝ እየሳቁ። ክኒኑን ጀመሩ፣ ተሻለኝ ብለው ተዉት። ክፍል ውስጥ ጠመኔ እንደያዙ ወደቁ፤ ከዚያ በኋላ ግራ ጎናቸው አልታዘዝ አላቸው። «ምንም አይሰማኝም» የሚለውን ቃል ዛሬም ከማንም ሰው አፍ ስሰማ እበረግጋለሁ።

ከሪራ ድረስ የሚመጡ አንድ ንብ አንቢ ሽማግሌም ነበሩ። ስኳራቸው ጣሪያ ነክቷል። «ማር ይበላሉ እንዴ?» አልኳቸው።

«እንዴታ!»

«ማር እኮ ስኳር ነው አባባ!»

«ኧረ ተይ ልጄ! ስኳር ከፋብሪካ ነው፤ ማር ከሐረና ጫካ ነው።»

በሳቅ ፈረስኩ። እየሳቅኩ ተንበርክኬ ጫማቸውን ሳወልቅ ሳቄ ተዋጠ። ሚስማር በጫማው ሶል አልፎ ተረከዛቸው ውስጥ ገብቷል፤ በዚያ እግር ዳገቱን ወጥተዋል፣ ጭራሽ አልተሰማቸውም። የዚያን ዕለት ማታ ምግብ አልበላሁም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ እስካሁን ያዘገየሁት ፈርቼ ነው።

ከጎባ በላይ፣ መንገዱ ወደ ሰነቴ በሚወጣበት በኩል ወዳለች ጤና ጣቢያ ተዛወርኩ። ጋሽ ከማል በዚያን ጊዜ ጡረታ ወጥተው ጎባ ይኖሩ ነበር። ከመውጣታቸው በፊት እዚያው ጤና ጣቢያ ሲሠሩ ያስተማሯቸው በሽተኞች ለእኔ ተላለፉ። ከእነሱ አንዱ ሙስጠፋ ነበር። የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ ዝምተኛ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ። አባቱ ኦቦ ሁሴን ገብስና ፈረስ ያላቸው፣ በአካባቢው የተከበሩ ሰው ናቸው። ሙስጠፋ መርፌ ሲወጋ ማየት ደስ ይል ነበር። ወተት የመሰለውን ኢንሱሊን በመዳፎቹ መሃል ቀስ አድርጎ ያንከባልላል፤ አየሩን ያስወጣል፤ የሚወጋበትን ቦታ ይለዋውጣል። ለአዳዲስ በሽተኞች አሳይልኝ እለው ነበር።

ክረምቱን በደህና ከረመ። ኅዳር ሲገባ ስኳሩ ተሰቀለ። ወደ ሆስፒታል ላክነው፤ ሲሻለው ወጣ፤ ቤቱ ገብቶ ብዙም ሳይቆይ ደግሞ ተመለሰ። «ተወግተሃል?» እንለዋለን። «ተወግቻለሁ» ይላል። መጠኑን ጨመርንለት፤ ምንም። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ወጣት ጤና መኮንን ነበር፤ ጎበዝ ልጅ ነው፣ አልዋሽበትም። «ሲስተር፣ እነዚህ ልጆች መርፌ ይሰለቻቸዋል፤ ይደፉታል። አዝመራም ነው፣ እሸቱን ይበላል» አለኝ። እንዲህ ያለ ልጅ ብዙ አይተናል፤ እኔም ሌላ ነገር አልታየኝም።

አባቱ ፊት ስንጠይቀው ሙስጠፋ «ወላሂ ተወግቻለሁ» አለ።

ኦቦ ሁሴን ፊታቸው ተለወጠ። «በአላህ ስም አትዋሽ» አሉት። «መድኃኒቱን ድፋው፣ እኔን ናቀኝ፤ በእሱ ስም ግን አትዋሽ።»

ልጁ ደግሞ ማለ። አባትየው ከዚያ በኋላ ልጁን እንዳላናገሩት ሰማሁ። እንደገና ሲታመም «መርፌውን ይወጋ፣ ይድናል» ብለው ቆዩ። በፈረስ ጭነው ሲያመጡት ገና ከበሩ ውጪ ሽታው መጣብኝ። ሳይወርድ አሸተትኩት። አላተረፍነውም።

ሞቱን ማንም «ለምን?» ብሎ አልጠየቀም። መልሱን ሁላችንም የምናውቅ መስሎን ነበር።

በሚቀጥለው ክረምት ኦቦ ሁሴን ትንሿን ልጃቸውን ይዘው መጡ። ጀሚላ ትባላለች፤ ስምንተኛ ክፍል ነበረች። ውኃ አይጠግባትም፣ ሌሊት ስትመላለስ ታድራለች፣ ቀሚሷ ሰፍቷታል። ገና በር ላይ ሳያት ገባኝ። በአንድ ቤት ሁለተኛ! መርፌ አስጀመርናት። እጇ እንደ ወንድሟ የተባረከ ነው፤ እሱ ቤት ውስጥ አሳይቷት ኖሯል። ክረምቱን ሙሉ ጉንጯ ሞልቶ፣ ስኳሯ ተስተካክሎ ስትመጣ «እግዜር ይመስገን፣ ይቺስ ትሰማለች» እል ነበር።

ከዚያ ኅዳር መጣ።

እንዴት እንደፈራሁ መናገር አልችልም። ማሽኑ ቁጥሩን ሲያሳየኝ እንዳልተሳሳተ ለማወቅ ሌላ ጣቷን ወጋሁ። ያው ነው። «ጀሚላዬ፣ ተወግተሻል?» አልኳት።

«ተወግቻለሁ ሲስተር» አለችና ወደ አባቷ ዞረች። «ወላሂ ተወግቻለሁ አባባ።»

ኦቦ ሁሴን ተነስተው ወጡ። ተከትያቸው ወጣሁ። አጥሩ ሥር ቆመው መሬት መሬት ያያሉ።

«ሲስተር፣ የኔ ልጅ በሐሰት ምሎ ነው የሞተው» አሉኝ። «እሱን ሳስብ እንቅልፍ የለኝም። በሽታው አይደለም የሚያስፈራኝ፤ አሁን ያለበት ነው የሚያስፈራኝ። አሁን ይቺም መማል ጀመረች።»

«ኦቦ ሁሴን፣ እናክማታለን፤ ሆስፒታል እንልካታለን።»

«በቃ። ቆላ አንድ ሰው አለ፣ በቅጠል ያክማል። መርፌውን ተዉ ይላል። መርፌ ከሌለ ማንም ተወጋሽ ወይ ብሎ አይጠይቃትም። ካልተጠየቀች አትምልም።»

«ትሞታለች!» ብዬ ጮኽኩ። «ያለ ኢንሱሊን ሳምንት አትቆይም! እኔን ይስሙኝ!»

«ብትሞትም ንጹሕ ሆና ትሙት» አሉ። የዕለቱን መርፌ ወግተናት ስኳሯ ጥቂት ወረደ፤ ሆስፒታል ግን በጭራሽ አሉ። ከጁምዓ በኋላ ወደ ቆላ እንደሚወስዷት ነግረውኝ ሄዱ።

ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ጤና መኮንኑ «በፖሊስ እናስቁማቸው» አለ፤ በፖሊስ የተወጋ ኢንሱሊን ስንት ቀን ይዘልቃል? ከዚያ በቀጥታ ጎባ ወረድኩ፣ ጋሽ ከማል ቤት። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ሲሰሙኝ መቁጠሪያቸው እጃቸው ላይ ቆመ።

«ክረምት ደህና ሆና በበጋ ነው የምትወድቀው?»

«አዎ ጋሼ።»

«ሙስጠፋም?»

«እሱም።»

«ቤታቸውን አይተሽዋል?»

አላየሁትም። ማንም አላየውም፤ መኪና አይገባም። ጋሽ ከማል ተነስተው ካፖርታቸውን ለበሱ። «ቆላ እያለሁ ቤት ሳላይ ማንንም አልለቅም ነበር» አሉ። «ወደዚህ ስመጣ ጉልበቴ እምቢ አለኝ። አዲስ ብልቃጥ ያዢልኝ።» ብልቃጡን ካመጣሁላቸው በኋላ ከሸሚዛቸው ሥር ደረታቸው ላይ አኖሩት። ለምን እዚያ እንደሆነ አልጠየቅኩም።

በተበደርነው ፈረስ እሳቸው፣ እኔ በእግሬ ወጣን። ሰማዩ ጥርት ብሎ አንድ ደመና የለም። ኦቦ ሁሴን ባይደሰቱም እንግዳ ነንና ተቀበሉን፤ ባለቤታቸው አደ ሞሚና እርጎ አቀረቡልን። ጀሚላ ጥግ ላይ ተኮራምታ ተቀምጣለች። ጋሽ ከማል እጇን ይዘው «ፈያ? ናጋ?» እያሉ ፊታቸውን አስጠጉ፤ ቀና ብለው አዩኝ። ሽታው ጀምሯል።

«የምሽቱን መርፌሽን አሳዪኝ» አሏት።

ወጥታ ብልቃጧን ይዛ ተመለሰች። አንከባለለች፣ ቀዳች፤ አንድም ስህተት የለባትም። ልትወጋ ስትል እጇን ያዙና ብልቃጡን ተቀብለው ወደ መብራቱ አነሱት። እኔም አየሁ። ኢንሱሊኑ ነጭ ነው፣ እንደ ወትሮው። ግን ብርጭቆው ላይ ጥቃቅን ፍርፋሪ ተለጥፏል፤ ቢያንከባልሉትም አይለቅም። ጋሽ ከማል ከደረታቸው አዲሱን አውጥተው «ዛሬ ከዚህኛው ተወጊ» አሏት። «አሮጌውን ወደ ቦታው መልሺው። ጠዋት አብረን እናየዋለን።»

ጎኔን አሳረፍኩ እንጂ አልተኛሁም። ልጅቷ ስትተነፍስ እያዳመጥኩ ነጋ። ገና ጎህ ሲቀድ ጣቷን ወግቼ ለካሁ፤ ስኳሯ ወርዷል! ሙሉ በሙሉ አይደለም፣ ግን ወርዷል። አባትየው ቁጥሩን በራሳቸው ዓይን አዩ።

ሁላችንም ወጣን። ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኗል፣ ስንረግጠው ይንኮሻኮሻል። ጀሚላ ከቤቱ ኋላ ወሰደችን። እዚያ፣ ነፋስ በሚያልፍበት ጥግ፣ ማሰሮው በማሰሮ ውስጥ ተቀብሯል። በመሃሉ አሸዋ አለ፣ አሸዋው ውኃ ጠጥቷል። ልክ ቆላ እንዳየሁት፣ አንድም ነገር ሳይጎድል። አሸዋውን በጣቴ ነካሁት። ድንጋይ ሆኗል። ጋሽ ከማል ብልቃጡን አውጥተው ዘቀዘቁት። ውስጡ ያለው አልተንቀሳቀሰም። በረዶ ነው።

አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይሠራም። ውኃ መወጋት ማለት ነው።

ጋሽ ከማል ለራሳቸው የሚያወሩ ይመስል «ቀዝቃዛ ቦታ፣ ከቤት ውጪ» አሉ። በክረምት ደመናው ሌሊቱን ያለብሰዋል፣ ውርጭ የለም። በበጋ ሰማዩ ይገለጣል። የቆላን ትምህርት ሳይለውጡ ደጋ አምጥተውት ነበር።

ጀሚላ ግን ምን እንዳስደነገጠን አልገባትም። «ጠዋት ጠዋት ሁልጊዜ እንዲህ ነው» አለች። «ብብቴ ውስጥ አድርጌ ሲቀልጥ ነው የምወጋው። ቀዝቃዛ ቦታ አላችሁን፤ ከዚህ የሚበርድ ቦታ በግቢው የለም። ሙስጠፋ ነው መርጦ የቆፈረው። እሱም እንዲሁ በብብቱ እያሟሟ ነበር የሚወጋው።»

ስለ ጀሚላ አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ አለች። የዚያኑ ዕለት ይዘናት ወረድን፣ ተኝታ ታከመች፣ ዳነች። ከዚያ ወዲህ መድኃኒቱ የሚያድረው ቤት ውስጥ፣ ከምድጃው ራቅ ብሎ፣ ገብስ ጆንያ ውስጥ ነው። ዛሬ የልጅ እናት ናት። ጋሽ ከማልም እስኪያርፉ ድረስ በየደጋው መንደር እየዞሩ ማሰሮ ሲያስነሱ ኖሩ፤ ጉልበታቸው እምቢ ሲል በፈረስ።

ከዚያ ግቢ ሳንወጣ የሆነውን ግን ሳልናገር አልጨርስም።

ጀሚላ የወንድሟን ስም ስትጠራ ኦቦ ሁሴንን ለማየት ፈራሁ። የጋሽ ከማልን እጅጌ ያዝኩ። «ይተዉት ጋሼ» አልኩ በሹክሹክታ። «ማሰሮውን እናንሳና እንሂድ። ይህን ቢሰሙ አይችሉትም።» እውነት ነው፣ ያን ሰዓት ሰውዬው ወድቀው የሚሞቱ መስሎኝ ነበር።

ጋሽ ከማል እጄን አስለቀቁኝ። «ኦቦ ሁሴን፣ ይህን ማሰሮ ያስተማርኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ለቆላ ነው። ለዚህ አገር አይሆንም ነበር። ልጁ ያልኩትን አደረገ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ የፈለጉትን ያድርጉኝ።»

ኦቦ ሁሴን ጥፋቱ የማን እንደሆነ የሰሙም አይመስለኝም። ብልቃጡን ከእጃቸው ወስደው ያዩታል።

«ተወግቶ ነበር?» አሉ።

«ተወግቶ ነበር። በየቀኑ።»

«ሲምልልኝ…»

«እውነቱን ነበር።»

ኦቦ ሁሴን ብልቃጡን ለእኔ ሰጡኝና ወደ አጥሩ ሄዱ። ጎረቤታቸው ከብቶቹን ሊያሰማራ እየነዳ ነበር። በኦሮምኛ ጮኹበት፤ «ሙስጠፋ በሐሰት አልማለም! ስማኝ፣ ልጄ በሐሰት አልማለም!» ሰውዬው ግራ ገብቶት ቆመ። «ምን ሆንክ ሁሴን? ምን ተፈጠረ?» አላቸው። መልስ ሳይሰጡት አጥሩን ዘለው ወደሚቀጥለው ቤት ሄዱ። ከዚያ ወደሚቀጥለው። ውርጩ ላይ ቆመን ድምፃቸውን ከየደጃፉ እንሰማለን። አደ ሞሚና መሬት ላይ ተቀምጠው ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ከተው ያለቅሳሉ። እኔም አለቀስኩ፤ ጋሽ ከማልም አለቀሱ፤ ጀሚላ ብቻ ማንን እንደምትይዝ ጠፍቷት በመሃላችን ቆማለች።

ፀሐይ ሲወጣ ተመለሱ። ድምፃቸው ተዘግቷል። በቀጥታ ወደ ልጅቷ መጡና ፊቷ ተቀመጡ።

«የጠዋቱን ተወግተሻል?» አሏት።

ጀሚላ ደነገጠች። ከአዲሱ ብልቃጥ የወጋኋት ራሴ ነበርኩ፤ እሷ ግን የምትናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ስትጠየቅ ሁልጊዜ የምትለው። «ተወግቻለሁ አባባ» አለች። «ወላ—»

ኦቦ ሁሴን በመዳፋቸው አፏን ከደኑት።

«አትማይ» አሏት። «አትማይ ልጄ።»